በእናቴ ጉሮሮ ያለቀሰችው አሜሪካዊት

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ሽቶዋ የሚያፍን አንዲት ልጅና ስልኩ ላይ የሚጮህ አንድ ደላላ መሃል ተጣብቄ ሳለሁ ነው ያየኋት። ቀን ከሌት ከሚብለጨለጩት የመንገድ ዳር ስክሪኖች አንዱ ላይ ፎቅ የሚያህል ፊቷን ዘርግታ ትስቃለች። ፀጉሯ እንደ ጥጥ ነጥቷል። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ዕድሜዋን ልትደብቅ ነዋ! ጥርሷ ግን ያው የጥንቱ ነው። ከሥሯ «ታላቋ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይት ኮሪን ቤልመር፣ እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደህና መጡ» ይላል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ስጮህ ረዳቱ ደነገጠ። «እማማ፣ እዚህ ፌርማታ የለም እኮ፤ ትራፊክ ይቀጣናል» አለኝ። «ይቅጣችሁ! አውርደኝ ብያለሁ!» አልኩት። ወርጄ አስፋልቱ ዳር ቆምኩና አንጋጥጬ አየኋት። በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሳትሞት እንድትቆየኝ ስለት የተሳልኩባት ሴት በገዛ እግሯ መጣችልኝ።

የነፍስ አባቴ ይህን ነገር ያውቁታል። በየጾሙ ልናዘዝ ስሄድ «ሸዋዬ፣ ያቺን ፈረንጅ ዛሬም ይቅር አላልሻትም?» ይሉኛል። «አላልኳትም አባቴ» እላቸዋለሁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ይገሥጹኛል። እኔም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እላቸዋለሁ። እንዲህ ተረት ስንወራወር እሳቸውም አረጁ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ ቂሜ ግን አንዲት ፀጉር እንኳን አልሸበተችም።

እናቴ ጥሩነሽ የሾላ አስለቃሽ ነበረች። ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። ድሮ ሰው ሲሞት እንደ ዛሬው ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ የታሸገ ውሃ ታድሎ፣ ሁሉም ስልኩን እየነካካ አይዋልም። አስለቃሽ ትጠራለች። ሟቹን በስሙ፣ በሥራው፣ በአረማመዱ እያነሳች ሙሾ ታወርዳለች፤ አገሩም ይቀበላታል። እናቴ ስታወርድ ከሟቹ ጋር በወሰን የተካሰሰ ሰው እንኳን ደረቱን ይመታ ነበር። ያን ጊዜ ሾላ ሾላ ነው። ስሙኒ ይዛ የወጣች ሴት ዘንቢሏን ሞልታ ትገባለች፤ በርበሬ መራጮቹ ሲያስነጥሱ «ይማርሽ» የሚል አይጠፋም። ከገበያው ወዲያ ሜዳ ነው፣ ገርጂ የጤፍ ማሳ ነው፣ ጎሮ ጅቡ በቀን ይታያል። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አሳንሰር የምወጣባትን የአያትን ኮንዶሚኒየም ያኔ ሊኖርብሽ ነው ብትሉኝ አበዳችሁ እንዴ ነበር የምላችሁ። እሁድ እሁድ እኛ ኮረዶቹ አፍሯችንን አበጥረን፣ አጭር ቀሚስ ለብሰን፣ ባለታኮ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን በእግር ወደ ቦሌ እንሄዳለን፤ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ጫማውን እናደርግና አውሮፕላን ሲነሳ እናያለን። ከየቡና ቤቱ በር የሸክላ ዘፈን ይፈስሳል፤ ሳክስፎኑ ሲያለቅስ እኛ እንስቃለን። ወይ ጊዜ! ያኔ ለቅሶና ሳቅ እያንዳንዱ ቦታውን ያውቅ ነበር።

ያን ሰሞን ነው የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች መጡ የተባለው። ከገበያው ጀርባ ሜዳው ላይ አዲስ የጭቃ ቤት ሠሩና አሮጌ እንዲመስል ጥቀርሻ ሲቀቡት አይተን በሳቅ ሞትን። ኮሪን ገና ወጣት ናት፤ ቢጫ ሱሪ፣ ግማሽ ፊቷን የሚሸፍን ጥቁር መነጽር፣ ስታልፍ የማናውቀው አበባ የሚሸት ሽቶ። አልዋሽም፣ ውብ ነበረች። የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው፤ እሷ የኛን አገር መኮንን ያገባች አሜሪካዊት ትሆናለች፤ ባሏ ይሞታል፤ ሬሳው ፊት ቆማ እንደ አገሩ ሴት ሙሾ እያወረደች ታለቅሳለች። ሁሉ ያማረላት ልጅ እዚያ ላይ ስትደርስ አቃታት። ድምፅ አውጪ ቢሏት ጅራቷን እንደ ረገጧት ድመት ትጮኻለች። ሠፈሩ ሁሉ ከአጥሩ ኋላ ሆኖ ይስቅባታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ እሷንና አስተርጓሚዋን አስከትለው ቤታችን መጡ። «ጥሩነሽ፣ እንግዶቹ ለቅሶ እንድታወርጂላቸው ይፈልጋሉ» አሏት። እናቴ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ብድግ አለች። «ማን ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተም፤ ለፊልም ነው።» «ሬሳውስ?» «ሬሳ የለም፣ ባዶ ሳጥን ነው።» ነጠላዋን መልሳ ተቀመጠች። «ያለ ሬሳ ማልቀስ ሟርት ነው ጋሼ። እርስዎ ይህን አጥተውት ነው?» አለቻቸው። ጋሽ ደምሴ ደረታቸውን መቱ። «ቃል ገብቻለሁ፣ አታሳፍሪኝ። ሟርትም ካለው በእኔ ይሁን» አሉ። የእድር ዳኛ እንዲህ ካለ ምን ይባላል? እናቴ ብዙ አስባ «እንግዲያው ፊቴ ይታይ፣ ስሜም ይጠራ» አለች። «በግልጽ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ተደብቄ ካለቀስኩ ግን ማሟረቴ ነው። ፊቴን ሳያሳዩ ድምፄን እንዳይወስዱ።» አስተርጓሚው ነገራት። ኮሪን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ፕሮሚስ!» አለች፤ የእናቴን ጉንጭም ግራ ቀኝ ሳመች። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በቀረጻው ቀን እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። አንዱ ፈረንጅ ክንዷን ይዞ ወሰደና ከግንብ ኋላ አቆማት፤ ዱላ ላይ የታሰረ ማይክራፎን አፏ ሥር ደቀኑባት። «ፊቴስ?» አለች። «ፊትሽን በኋላ ያነሱታል» አላት አስተርጓሚው። እናቴ አወረደች። በግንቡ ስንጥቅ ስናይ ኮሪን ጥቁር ሻሽ አስራ ሳጥኑ ፊት ቆማለች፤ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እንደገና ተባለ፤ እንደገና አወረደች። በመሃል ኮሪን ውሃ ልትጠጣ በእኛ በኩል ስታልፍ እናቴ ክንዷን ያዘቻትና «ፊቴ ይታያል ያልሽው የታል?» አለቻት። ኮሪን ምን እንደተባለች አስተርጓሚውን እንኳን አልጠየቀችም። ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ልክ ጥሩ ለሠራች በቅሎ እንደሚደረገው። ሳቀችና ሄደች። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ!» ብለው ጮኹ። እናቴ እኔን አየችኝ። መቀነቷን አጠበቀች፤ ከዚያም በሕይወቴ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ ጀመረች፦

አፏን ከፈተችው ድምፅ እንኳን የላት፣
እኔ ጥሩነሽ ነኝ ያለቀስኩላት።

ፊቴን ቢደብቁት ከግንብ ኋላ፣
ድምፄን የሰማ ሰው ይጠይቅ ሾላ።

ሳጥኑ ባዶ ነው ሬሳም የለበት፣
ስሜን የቀማች ሴት ትተኛበት።

ለቀስተኛ ሆነው የቆሙት የሠፈራችን ሰዎች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ግማሹ ከሳቅ፣ ግማሹ ከድንጋጤ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ዋናው አለቃቸው እንባውን በመሐረብ ጠረገ። ኮሪን እየሮጠች መጥታ እናቴን አቀፈቻት። ጋሽ ደምሴ አመድ መስለው «ምን አደረግሽ አንቺ ሴት?» አሏት። «ስሜ ይጠራ አላልኩም? እነሱ እንቢ ሲሉ እኔው ጠራሁት» አለቻቸው።

ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የጋሽ ደምሴ ልጅ አዋሽ ወርዶ በወባ ሞተ። በወባ ነው የሞተው! ወባ ሰው ሲጨርስ በኖረበት አገር ሠፈሩ ምን አለ? «እርግማኑ ፈረንጇን ስቶ የኛን ልጅ አገኘው» አለ። «ሟርቱ በእኔ ይሁን» ብለው ደረታቸውን የመቱት ሰውዬ ቃላቸውን ጭራሽ ረሱት። እናቴ መቀነቷን ታጥቃ ልታለቅስ ስትሄድ የድንኳኑ በር ላይ ሰው አስቁመው «ወይዘሮ ጥሩነሽ እንዳትገባ ተብሏል» አስባሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ለለቅሶ ጠርቷት አያውቅም። ስሟም ቀረ፤ «ባዶ ሳጥን» አሏት። እኔ «የባዶ ሳጥን ልጅ» ሆንኩ፤ ሽማግሌ ልከውብኝ የነበሩ ሰዎች ይህን ሰምተው ቀሩ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ኖረች። ከሩቅ የሌላ አስለቃሽ ድምፅ ሲመጣ በሩን ትዘጋለች። ፈረንጅ በሾላ ሲያልፍ ግን እንዝርቷን አስቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ ቀና ትላለች። «ፊልሙን ሰምቶ ማን ናት ጥሩነሽ ብሎ የሚመጣ አይጠፋም» ትለኝ ነበር። ፈረንጁ ቲማቲም ገዝቶ ይሄዳል። ጋሽ ደምሴን በኋላ ቀብሬያቸዋለሁ፤ ለእሳቸው ያፈሰስኩት እንባ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ አይሞላም። የእሳቸው ነገር እዚያ ላይ አለቀ። የቀረችኝ እሷ ነበረች።

እኔ ስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ዘግይቼም ቢሆን አግብቼ ወለድኩ። «ሄሎ፣ ጀስት ኤ ሞመንት ፕሊስ» እያልኩ እንግሊዝኛዬን አቃናሁ፤ የመንገድ ላይ መጽሐፍ ሻጮችን ደንበኛ አድርጌ የፈረንጅ አሮጌ መጽሔት ስገዛ ኖርኩ። ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ፤ ሰው ስለ መንግሥት ሲያወራ እኔ ስለ ኮሪን አነባለሁ። የሕይወት ታሪኳን ከእሷ የበለጠ አውቀዋለሁ። በረዶ የማይጠፋበት ትንሽ ከተማ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ሆና ተወለደች። በልጅነቷ በቴሌቪዥን የጥርስ ሳሙና አስተዋወቀች፤ ያ ጥርስ እንጀራ ሆናት። ከዚያ ፊልም ሲጀምር የሚገድሏትን ልጅ እየሆነች ስትሠራ ከረመች። ሰው ያደረጋት የኛው ፊልም ነው። «እንዲህ ያለ ለቅሶ በፊልም ታይቶ አይታወቅም» ብለው ትልቅ ሽልማት ሸለሟት። ጋዜጠኛው «እንዴት አድርገሽ አለቀስሽው?» ሲላት ምን አለች? «ውሻዬ የሞተችበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው» አለች። ውሻዬ! ያን መጽሔት ያነበብኩበት ቀን እራት አልበላሁም። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ግን እግዚአብሔር ደግ ነው፣ ፈራጅ ነው። በኋላ በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የሀብታም ባልቴት ሆና መጣች። የኛም ቴሌቪዥን ቅዳሜ ማታ ያሳየው ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴ ይሰበሰባል፣ እኔ ፈንድሻ አፈነዳለሁ። በየክፍሉ ታለቅሳለች፤ ያውም በራሷ ድምፅ! ያቺ የተረገጠች ድመት ተመልሳ መጣች። ጎረቤቶቼ «ምነው ይቺ ሴትዮ ጉንፋን ይዟታል?» ሲሉ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። የአገሯ መጽሔቶች ጭምር «ያ ለቅሶዋ የት ሄደ?» እያሉ ጻፉባት። እኔ የት እንደሄደ አውቅ ነበር፤ ሾላ ቁጭ ብሎ ጥጥ ይፈትላል። ከዚያ ወዲያ የሚያስለቅስ ነገር ሰጥቷት የሚያውቅ የለም። የሰው አማት፣ የሰው አክስት፣ የሆቴል ባለቤት እየሆነች አንድ አንድ ቃል ተናግራ መውጣት ሆነ። የመጀመሪያው ባሏ ሲፈታት እሰይ አልኩ። ሁለተኛው ሲፈታት ጎረቤት ጠርቼ ዶሮ ሠራሁ፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ክፉ ናት በሉኝ፣ ግድ የለኝም።

እናቴ ፊልሙን ሳታየው ሞተች። ያኔ እዚህ የሚያሳይ አልነበረም። ስትቀበር የሚያወርድላት አስለቃሽ አልተገኘም፤ የሚያስታውሷት አሮጊቶች ዝም ብለው ቆመው ቀበሯት። እኔ ልሞክር ብል ድምፄ አልወጣ አለ። ብዙ ቆይቶ የቪዲዮ ካሴት ዘመን ላይ አንድ የቦሌ ቪዲዮ አከራይ ፊልሙን አስመጣልኝ። ቤቴን ቆልፌ ብቻዬን አየሁት። የተጠቀሙት ያቺን የመጨረሻዋን ሙሾ ነበር፣ ከነስሟ፣ ከነእርግማኗ። ዓለም ሁሉ «ጥሩነሽ ነኝ» ሲባል ሰምቶ ለኮሪን አጨብጭቧል። ያን ቀን ነው ስለቴን የተሳልኩት። አማርኛ በሚያውቅ ሕዝብ መሃል እሷ ተቀምጣ ይህ ይሰማ፣ የእናቴ ስም ከባዶ ሳጥን ይውጣ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድህ አልኩት።

እንግዲህ ስክሪኑ ላይ የዚያን ቀን ከሰላምታው ሥር ያነበብኩት ይህንኑ ነበር። ፊልሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ይታያል፣ እሷም ትገኛለች ይላል። ልጄ ቤዛ እንደምንም ብላ የመግቢያ ካርድ አገኘችልኝ። ለልጅ ልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩትን ነጭ ቀሚስ ስለብስ አየችኝና ፈራች። «ማሚ፣ ፕሊስ እዚያ ሄደሽ ድራማ እንዳትሠሪ» አለችኝ። «ድራማውን የሠራችው እሷ ናት። እኔ ልሰማ ነው የምሄደው» አልኳት። ቦሌ ያለው የሆቴል አዳራሽ ጢም ብሏል፤ ፀጉራቸውን የተሠሩ እመቤቶች፣ ክራቫት ያሰሩ ፈረንጆች፣ ስልካቸውን የደገኑ ወጣቶች። ኮሪን ከፊት ባለ ለስላሳ ወንበር ተቀምጣለች። መብራቱ ጠፋ። ያ የጥንቱ ሜዳ መጣ፣ ያ ጥቀርሻ የተቀባ ቤት፣ ጃንጥላ የያዙት ጋሽ ደምሴ ሳይቀሩ። ከዚያ እሷ በጥቁር ሻሽ ሳጥኑ ፊት ቆመች፤ አፏን ከፈተች፤ የእናቴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ፈረንጆቹ መሐረብ አወጡ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት «ምን አለች? ጥሩነሽ ነኝ አለች እንዴ?» አለች። አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። «ይጠይቅ ሾላ» ሲል ጠቅላላው ተንሾካሾከ። «ትተኛበት» ላይ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮሪን በዚያ በሽልማቷ ለቅሶ ላይ፣ ተጠማዝዛ የሚስቀውን ሕዝብ አየች። አቤት ያ ፊት! ለዚያ ፊት ብዬ ነው እስከ ዛሬ መድኃኒቴን በሰዓቱ ስውጥ የኖርኩት።

ፊልሙ ሲያልቅ መድረክ ላይ ደግፈው አወጧት። ማይክራፎን ይዛ «ለምን ሳቃችሁ?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው፣ አንድ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ፣ ላብ በላብ ሆነ። «ሕዝቡ በጣም ተነክቷል። በባህላችን ሐዘን ሲበረታ እንስቃለን» ብሎ በእንግሊዝኛ አስረዳት። ድንቄም ባህል! «ውሸት!» ብዬ ተነሳሁ። ቤዛ ቀሚሴን ያዘችኝ፤ አላቀቅኳት። ማይክራፎን የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ዕድሜውን ስልክ ቤት የጨረሰ ሰው ደግሞ ማይክራፎን አይፈልግም። መስመር በመስመር በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ድምፅ እንደሌላት፣ ያለቀሰችው ማን እንደሆነች፣ ፊቷን የት እንደደበቁት፣ ሳጥኑ ውስጥ ማን ትተኛበት እንደተባለ። አንድ ቃል አላለሰለስኩም።

«ጥሩነሽ ማን ናት?» አለችኝ።

«እናቴ። ፊትሽ ይታያል ብለሽ ስመሽ ከግንብ ኋላ ያቆምሻት። በአንቺ ምክንያት ከሰው ለቅሶ ተባርራ የሞተች።»

«ያን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ በቃሌ ይዤዋለሁ» አለች። «ጥሩነሽ ማለት ሞተብኝ ማለት ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ አፏን ከፈተች። በዚህ ጊዜ ከግንብ ኋላ ማንም አልነበረም። የወጣው ድምፅ ቀጭን ነው፣ ዜማ የለውም፣ በየመሃሉ ይቆረጣል፤ ፊቷም ተጨማደደ፣ ንፍጧም ወረደ። አስተርጓሚው ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። ከጎኔ ያሉት እመቤቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ቤዛ እንባዋ መጥቶ «ማሚ፣ በቃ በሞቴ፤ አሮጊት ናት እኮ፣ ሂጂና አይዞሽ በያት» አለችኝ።

ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

«ተያት፣ ታልቅስ» አልኳት። «የምሯን፣ በራሷ ድምፅ ስታለቅስ ገና ዛሬ መጀመሯ ነው።»